ጭስ ቆጣሪዋ ሰዓዲያና የፉሪው ዛፍህ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሮማ መገርሳ፤ ጅቡቲ

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? አካም ጅርታ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ወደቡ ላይ ፀሐዩ ከላይ፣ ብረቱ ከታች ያቃጥላል ብለህ ከነገርከን ወዲህ እማዬ ሙቀት በተሰማት ቁጥር «ይሄኔ ልጄ…» ትላለች። ሌሊሴስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኦብሳስ ጥርስ አበቀለ? መራመድ ጀመረ ወይስ ገና ይድሃል? የጠየቅኩህን ሁሉ አንድ በአንድ እንድትመልስልኝ ነው፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ እንዳታልፈው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ሳሉ ይነሳበታል።

በስልክ ያልነገርኩህ መስመሩ በወጉ ስለማይሠራ ነው። ደግሞም ታውቀኛለህ፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሲሆን «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ኡዘይር የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሰዓዲያ ታላቅ ወንድም። ሰዓዲያ ማን እንደሆነች ደግሞ አንብበህ ስትጨርስ ከእኔ እኩል ታውቃታለህ።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጥልህ። አባዬ ፉሪ ዳገቱ ላይ ያለውን ያንተን ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጉቶውንም ነቅሎ፣ መሬቱን ለደላላ ሊሰጥ አስቧል። ከዚያ በኋላ ግን እጁን ሰብስቦ «ዛፉን የተከለው ጋሮማ ነው። ጻፊለት። ቁረጥ ካለ እቆርጣለሁ፣ ተው ካለ እተዋለሁ» አለኝ። ደላላው ሁዳዴ ሳይገባ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ መልሱ ያንተ ነው። ከመመለስህ በፊት ግን ያየሁትን እንዳየሁት ልንገርህ፤ የአባዬ እጅ ለምን እንደተሰበሰበም ከዚያ ይገባሃል።

ማስተር ፕላኑ ያመጣውን እዚያም ሰምታችኋል። አዲስ አበባ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ልትጠቀልል ነው ተብሎ አገሩ ሲታመስ ከረመ። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፣ ከሰፈራችን ልጆች የታሰሩ አሉ። አዴ በዳቱ ልጃቸውን በዚያው ሰሞን ቀበሩ። ስሙን ስለምታውቀው አልጽፈውም፤ ከአንተ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረው ነው። ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። አባዬ ግን «የቀረው ወረቀቱ ነው ወይስ ሐሳቡ?» ይላል። እንደ እሱ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው። «ነገ ተለክቶ ሊወሰድ ዛሬ ልሽጠው» እያለ ዛፉን የሚቆርጥ፣ ጉቶውን የሚነቅል፣ መሬቱን ለጨረቃ ቤት ሠሪ የሚሰጥ በዛ። ዳገቱን ብታየው እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። ያልተነካው ያንተ ነው፤ ከላይ ደግሞ የሰፈራችን ሽማግሌ የኦቦ ወንዳፍራሽ።

አሁን ወደ ፋብሪካው ልመለስ። እንደምታውቀው ሰበታ ልብስ ስፌት ውስጥ ክር እቆርጣለሁ። ኅዳር ላይ ሱፐርቫይዘራችን መጣና ከየስፌት መስመሩ አንድ አንድ ሰው ለሥልጠና ይሂድ አለ። ኮታ ስለሚጎድል መሄድ የፈለገ አልነበረም። ልጆቹ ተያዩና «ጂጂ ትሂድ፤ እዚህም ዝም ናት፣ እዚያም ዝም ትላለች» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነታቸውን ነዋ።

ሥልጠናውን የሰጠችን ሰዓዲያ ናት። ሰበታ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸውን የሐጂ ከሊፋን ልጅ አስታወስካት? ለአጎታችን ቤት ቆርቆሮና ሚስማር የገዛህበት ሱቅ። እሷ ያኔ ባንኮኒው ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ክፍሉም ኃላፊውም ሠራተኛውም እሷው ናት። እርስዎ ስላት «እኔ ምን አረጀሁ? አንቺ በይኝ» አለችኝ።

እንዲህ ብላ ጀመረች። ሸሚዛችንን የሚገዛው የውጭ አገር ድርጅት ከእንግዲህ ሸሚዙን ብቻ ሳይሆን ሸሚዙ ሲሠራ የወጣውን ጭስ ጭምር ቆጥራችሁ አሳውቁኝ ብሏል። ጭስ ስትል ዓይን የሚያቃጥለውን ብቻ አይደለም፤ የማይታየውን፣ አየር ላይ ተከማችቶ ዓለሙን የሚያሞቀውን ነው። ያ ሲደመር የካርቦን ዱካ ይባላል፤ አንድ ፋብሪካ አልፎ ሲሄድ ኋላው የሚቀር ኮቴ ማለት ነው።

ጭሱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ስኮፕ ይሉታል። እንግሊዝኛውን ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እንቅልፌ መጣ። እሷም ፊታችንን አይታ ጠመኔውን አስቀመጠችና «ተዉት፣ በቤታችሁ እንየው» አለች። ስኮፕ አንድ በራስህ ምድጃ የነደደው ነው፤ የእኛ ቦይለር፣ ጄኔሬተር፣ የፋብሪካው መኪና። ስኮፕ ሁለት የገዛነው መብራት ነው። እህልህን ወፍጮ ቤት ስትወስድ ጭሱ የሚወጣው በወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ነው፤ ዱቄቱን ይዘህ የምትሄደው ግን አንተ ነህ፣ ስለዚህ ጭሱም ይከተልሃል። ስኮፕ ሦስት ሰፊው ነው። ድግስ ስትደግስ በሬውን ያረባው ሌላ፣ ድንኳኑን ያመጣው ሌላ፣ እንግዳው የመጣበት ታክሲ የሌላ ሰው። ሆኖም ድግሱ ያንተ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይንቀሳቀስም ነበር። ጥጡ፣ ከባዱ መኪና፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሸሚዙን የሚተኩስበት ካውያ ሁሉ እዚያ ይገባል።

ቦይለር የሚያነደው ከድሩ እጁን አወጣና «እኔ የማጨሰው ሲጋራስ ስኮፕ ስንት ነው?» አለ። ሰዓዲያ ሳትስቅ «እሱ የሚስትህ ስኮፕ ሦስት ነው» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ከድሩን የቦይለር ቤት ሰዎች «ስኮፕ ሦስት» ነው የሚሉት።

ደግሞ ጋዙ አንድ ዓይነት አይደለም አለች። ከቆሻሻና ከከብት የሚወጣው ዓለሙን በማሞቅ ከእንጨቱ ጭስ በጣም ይበረታል፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ተመልሶ ነው የሚደመረው። ይሄ አልገባንም። ከመጋዘን የመጣው አበራ ብድግ ብሎ «አንድ መለኪያ አረቄ ስንት ጣሳ ጠላ ያህላል እንደማለት ነው?» አላት። «እኔ ሁለቱንም አልቀመስኩም፤ አንተ ካልክ ግን ልክ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ለሁላችንም ገባን፤ ለማንጠጣውም ጭምር።

ከሁሉ በልቤ የቀረው ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ነው። ቅደም ተከተል አለው አለች። መጀመሪያ ሳትደብቅ ትቆጥራለህ። ቀጥሎ ትቀንሳለህ። መቀነስ ያቃተህን ብቻ ሌላ ቦታ መልካም ሠርተህ ታካክሳለህ። ሳይቆጥርና ሳይቀንስ በቀጥታ ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ጥቁር ግድግዳውን አረንጓዴ ቀለም የቀባ ነው፤ ቢያዩት ያምራል፣ ቢነኩት ይለቃል። ይህን ስትል ድምፅዋ አልጨመረም፤ ዓይኗ ግን አዳራሹ ጥግ ተደግፎ የቆመውን ታፔላ አየ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ አቶ እውነቱ አስቀድመው ያሠሩት ነው፤ «ከካርቦን ነፃ ፋብሪካ» ይላል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም ጋሼ። ገዢው ጥሎን ከሄደ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንደምንገባ ስለሚያውቁ ፈርተው ነው።

ጭቅጭቁ በእንጨት መጣ። ቦይለራችን የሚነድደው በእኛ ሰፈር ባሕር ዛፍ ነው። የዛፍ ጭስ ለብቻው ነው የሚጻፈው፤ ጉቶው ካቆጠቆጠ አዲሱ ቀንበጥ ሲያድግ ያን ጭስ መልሶ ይስበዋል። ጉቶው ከተነቀለ ግን የሚስበው የለም፤ ያን ጊዜ ከጥፋት ይቆጠራል። አቶ እውነቱ «ባሕር ዛፍ መቼስ ያቆጠቁጣል፤ ሁሉም አቆጥቁጧል ብለሽ ሙዪው» አሏት። እሷም «ሳላይ ከጻፍኩ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ግምት ተብሎ ነው የሚጻፈው» አለቻቸው። እኔ እዚያው በር ላይ የተረፈ ክር ይዤ ቆሜ ነበር። እንደዚህ ለአለቃ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም ሳይጮኽ።

ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ ብዙም ሳይቆይ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ሰዓዲያ ፉሪ መጣች። ኦሮምኛዋ የሱቅ ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታና ዋጋ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ። ስለዚህ አስተርጓሚ እንድሆናት ለመነችኝ። እምቢ ለማለትም አፍ ስለሚያስፈልግ ዝም ብዬ ሄድኩ። ዛኪር የሚባለው የፋብሪካው ሹፌር በፒክአፑ አመጣን። ሜትር፣ ቦታ የሚያሳይ ጂፒኤስ፣ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም ይዛ ነበር። የለካችውን ዛፍ ደግማ እንዳትለካ ግንዱ ላይ በብሩሽ ነካ ታደርጋለች።

ቀለሙ ቀይ ነበር ጋሼ። ቀይ ቀለም እዚህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አጥር ላይ ቀይ ምልክት የተደረገበት ቤት ይፈርሳል። እሷ ሱቅ ውስጥ ያገኘችውን ቀለም ነው ያመጣችው፤ ዛፍ ላይ ሲሆን እንዲያ ይመስላል ብላ አላሰበችም። እኔም እስካየው ድረስ አላሰብኩም። ከኦቦ ወንዳፍራሽ ዛፎች የተወሰኑትን እንደነካች ከታች የሴት ኡኡታ ተሰማ። «ማስተር ፕላን መጣ! ቀርቷል ብለው ሊለኩን መጡ!»

ሰው ከየት እንደፈለቀ አላውቅም። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው መጡ፤ አንዱ በመኪናው ፊት ግንድ አጋደመ። ዛኪር ሞተር አስነስቶ «ሰዓዲያ ግቢ! ግቢ እንጂ!» ይላል። እኔ እግሬ ተተክሎ ቀረ። እሷ ግን «ሞተሩን አጥፋው። ከሮጥን ያሉንን ነን ማለት ነው» አለችው። ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችና በሰው መሀል አልፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ለኦቦ ወንዳፍራሽ ሰጠች። ከሰጠችም በኋላ ዓይኗ ከዱላዎቹ አልተነሳም። ያን ስላየሁ ነው ይበልጥ የወደድኳት፤ ፈርታ ነው ያን ያደረገችው።

ኦቦ ወንዳፍራሽ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና «እሺ፣ ማነሽ? ምን ትለኪያለሽ?» አሉ። ሰዓዲያ ተናገረች፤ እኔ አስተረጎምኩ። ማስተርጎም ካልከው ነው፤ የተናገርኩትን ከፊቴ የቆመው ሰው እንኳ አልሰማውም። ኦቦ ወንዳፍራሽም «ድምፅሽን አውጪው እንጂ! የመገርሳ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባትሽ በሬ ሲጠራ ገፈርሳ ድረስ ይሰማ የለም?» አሉኝ። አንዳንዱ ሳቀ። አባዬም ከኋላ ቆሞ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። እኔ ግን በሳቁ መሀል ትንፋሽ አገኘሁ።

አንዱ ወጣት ዱላውን እንደያዘ «ጭሱ የሚወጣው ከፋብሪካው ነው። እዚህ ዛፋችን ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ? ጭሱን እዚህ ደብቀንልሻል?» አላት። ሰዓዲያም «ጭስ ቆሞ አይለካም። የነደደውን እንቆጥርና ጭሱን ከእሱ እናሰላለን። የነደደው ደግሞ የእናንተ ዛፍ ነው» አለች። «ለፈረንጁ ታዲያ የእኛ ዛፍ ምኑ ነው?» ተባለች። ይህን ሳስተረጉም የድግሱን ነገር አመጣሁት። ድግሱ የፈረንጁ ነው፣ ፋብሪካው ወጥ ሠሪ ነው፣ እኛ እንጨት ያመጣነው ነን አልኩ። «ከድግሱስ ለእኛ ምን ደረሰን?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ አንዲት ሴት ከኋላ «ጭሱ!» አለች። ያን ጊዜ ዱላ የያዘውም ሳቀ።

ሰዓዲያ አብራ አልሳቀችም። «እውነትሽን ነው። እሱንም እጽፈዋለሁ» አለቻት።

ከዚያ ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ ጭሱ የበዛበት ሰው ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁ። እሷም ስለ ማካካሻ ተናገረች። ለማካካሻ የሚሆን የኦሮምኛ ቃል ስፈልግ ጉማ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ የጠፋ ነፍስ ካሣ፣ ጥፋተኛው ፊት ቀርቦ ካመነ በኋላ የሚከፍለው። በልቤ ልክ የሚሆን መሰለኝ። ቀና ስል ግን አዴ በዳቱ በጥቁር ነጠላቸው ከፊቴ ቆመዋል። ቃሉን ዋጥኩት። «ያጠፉትን መተካት» ብዬ አለፍኩት። ሰዓዲያ ማታ ስነግራት «ቃሉ ትክክል ከመሆኑ ይልቅ መዋጥሽ ይበልጣል» አለችኝ። እኔ ያን ቀን ከተናገርኩት ይልቅ በዋጥኩት ነው የምደሰተው።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ተመለሱ። ሰዓዲያም የምትፈልገውን በአንድ ቃል ነገረቻቸው። «የመሬቱ ጠርዝ አያስፈልገኝም። የማን እንደሆነም አልጽፍም። የዛፉን ወገብና የጉቶውን ነገር ብቻ ነው የምፈልገው።» ኦቦ ወንዳፍራሽ «እንግዲያው ጠርዝ የሚያሳየውን ዕቃ አስቀምጪዋ» አሏት። ጂፒኤሱን አውጥታ እማዬን ፈለገችና እጇ ላይ አኖረችው። እማዬ ወስዳ ጎተራ ውስጥ፣ ገብሱ ላይ አስቀመጠችው። መለኪያውንም እኛው እንይዛለን ተባለ። በሜትሩ ፈንታ የአህያ ጭነት ማሰሪያ ገመድ መጣ፤ ዱላ ይዘው የነበሩት ልጆች ገመዱን ይዘው ዛፉን ያቅፋሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጃገረዶቹ «የእኔንም ወገብ ለኩልኝ» እያሉ ይስቃሉ። ሰዓዲያ ደግሞ ቢላ ተውሳ የቀባቻቸውን ዛፎች ቅርፊት በገዛ እጇ ስትልጥ ዋለች። መቼም የባሕር ዛፍ ቅርፊት ሲሉት ይላጣል። ኦቦ ወንዳፍራሽ ቆመው እያዩ «ዛፎቼን ልብስ ቀየርሽላቸው» አሏት፤ ቁልፉንም ያኔ መለሱላት።

አሁን የምነግርህ ከዚያ ቀን ሁሉ ያስደነቀኝ ነው። ወደ ተላጨው ዳገት ስንደርስ ሰው ሁሉ ይዋሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አላስገደደው፣ ስሙም አይጻፍም። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው ጉቶ የነቀለበት ጉድጓድ ጋ ሄዶ ቆመ። «ይሄ የእኔ ነው፣ አያቆጠቁጥም።» «ይሄም የእኔ ነው።» አንዱ አጎንብሶ፣ አንዱ ሳል እየሳለ። ሰዓዲያ «ለምን ነቀላችሁ?» አላለችም። ራሷን እየነቀነቀች ጻፊ ትለኛለች። ሰው ሳይፈራ እውነቱን የሚናገርበትን ቦታ መሥራት እንዴት ያለ ሥራ ነው ጋሼ!

ወዳንተ ዛፍ ስንመጣ አባዬ ዶማውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ደላላው ዋጋ ጨርሷል። የፊታችን ሳምንት ልነቅለው ነው» አላት። «ብነቅለው ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» ሲላት «ተነቅሏል ብዬ» አለች። «ብተወውስ?» «ቆሟል ብዬ።» አባዬ ገረመው። «ተዉት አትይኝም? ቆሞ ቢቀር ቁጥርሽ አይሻልም?» «ይሻላል። ግን እኔ የመጣሁት ልቆጥር ነው። ለቁጥሬ ማማር ብዬ እርስዎን ተዉ ካልኩ፣ መሬትዎ ላይ ከሩቅ ሆነው ከሚያዙት በምን እለያለሁ?» አለችው። እኔ ይህን ሳስተረጉም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ሆኖ ወጣ። አባዬ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገው። «ይቺ ልጅ አትገዛም» አለ፤ ለራሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ለጋሮማ ጻፊለት» አለኝ።

ቁጥሩ ከታሰበውም በላይ ሆኖ ወጣ። አቶ እውነቱ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሌላ ሰው ይፈርምበታል ብለው አስፈራሯት። እሷም «ይፈርም፤ እኔ ግን ያየሁትን ከጠየቁኝ እናገራለሁ» አለች። ሰሞኑን ገዢው የላከው አረጋጋጭ መጣ፤ ሥራው የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን መመርመር ነው። ሰዓዲያም ፉሪ ይዛው መጣች። ኦቦ ወንዳፍራሽም ሰላም ብለውት ጂፒኤሱን ተቀበሉና ለእማዬ ሰጡ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየን፤ ጉድጓዶቹንም አየ። ገዢው ጥሎን አልሄደም። ዘንድሮን መነሻ ዓመት እናድርገው፣ ከዚህ እየቀነሳችሁ አሳዩን ብሏል። አቶ እውነቱ ታፔላውን ራሳቸው ወደ መጋዘን አስገቡት። ከዚያም ሰዓዲያን ጠርተው «በእውነት ብጀምር ይሻለኝ ነበር» አሏት አሉ። እሷ ግን ይህን አትነግርም፤ የሰማሁት ከከድሩ ነው።

እንግዲህ ወዳንተ። ከእሷ የተማርኩት የማውቀውን፣ የማላውቀውንና የምመኘውን አለማደባለቅ ነው፤ እንደዚያው አድርጌ ልጻፍልህ።

የማውቀው ይህ ነው። ዛፍህ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ አቆጥቁጧል፤ አሁን ግንዱን በሁለት እጄ አቅፌ አልጨርሰውም። ጉቶው ካለ ነገም እንጨት አለ። ከሥሩ ያለው ምንጭ ግን ደክሟል፤ ከባሕር ዛፉ ነው ይላሉ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ያንተ ዛፍ ብቻውን የፋብሪካውን ቁጥር አያነሳውም፣ አይጥለውም። የደላላው ነገር ውሸት አይደለም፤ ገዢ አለው። አባዬም ስግብግብ ሆኖ አይደለም። መለኪያ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር መደንገጥ ሰልችቶት ነው።

የማላውቀው ደግሞ ፕላኑ በሌላ ስም ይመጣ እንደሆነ ነው። ቢመጣ ዛፉም መሬቱም ያለ ምንም ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ አባዬን ያስከለከልኩት እኔ እሆናለሁ። አንተ ተመልሰህ ትመጣ እንደሆነም አላውቅም። «ይመጣል» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር፤ ግን ሳላይ ግምት ነውና ተውኩት።

ምኞቴን ለብቻው እነሆ፤ ከላይኞቹ ጋር አትደምረው። ዛፉ እንዲቆም እፈልጋለሁ።

ለሌሊሴ ከእግር እስከ ራሷ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ኦብሳን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳለው ከአሁኑ ንገረው። አብረውህ ለሚያድሩት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላም በላቸው። እማዬ «ውሃ ጠጣ፣ በፀሐይ ራስህን ሸፍን» ትላለች። አባዬ ምን ልጻፍልህ ስለው «ደህና ነኝ በይው» አለና ወጣ፤ ከዚያ ከበሩ ተመልሶ «ልጁን ሳመው በይው» አለ። አዴ በዳቱ እንዳይረሳኝ በይልኝ ብለዋል። ኦቦ ወንዳፍራሽም ሰላም ብለውሃል። መልስህን ለኡዘይር ስጠው፤ እሱ ጭነቱን አራግፎ እስኪነሳ ጊዜ አለህ። ቁረጥም ብትል ተውም ብትል፣ ለአባዬ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነብለት።

እህትህ ጂጂ መገርሳ
ፉሪ፣ ሰበታ
የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.